የሚበረክተውን ምረጪ

ወንድምጋሼ ደውሎ «የአባባን ቤት ቀለም አንቺ ምረጪ» ያለኝ ቀን፣ እኔ ሞኟ ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ስንሰቀሰቅ ዋልኩ። በደስታ ነው ታዲያ! ጎረቤቴ ለቅሶዬን ሰምታ ሌላ ሰው የሞተብን መስሏት እየሮጠች መጣች።

«ማነው? ማን ሞተ?» አለች በሩን ይዛ።

«ማንም አልሞተም፤ ቀለም ነው» አልኳት። እስካሁን በዚያ ትስቅብኛለች።

ቤታችንን ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል። ቀለም ምረጪ ተብሎ ይለቀሳል እንዴ? በኛ ቤት ይለቀሳል። አባታችን ግንበኛ ነበር፤ እጁ እንጂ አፉ አልተፈታም። «ልጄ እወድሃለሁ፣ ተባረክ፣ ይሄ ያንተ ነው» የሚባለው ነገር ከጉሮሮው አይወጣም። ያንን ሁሉ በአንድ ቃል ይገላገለው ነበር። ወንድምጋሼ ሚስት ሲያገባ አባባ ከገበያው ማዶ ሁለት ክፍል ገነባለትና፣ ልስኑ ሲደርቅ ወስዶ ግድግዳው ፊት አቆመው። «ቀለሙን አንተ ምረጥ» አለው፤ በቃ፣ ቤቱ የሱ ሆነ። ታናሽ እህቴ ፀጉር ቤት ስትከፍትም እንደዚያው ነው። «ቀለሙን አንቺ ምረጪ» አላት። ሮዝ መረጠች፤ ዓይን የሚያጠፋ ሮዝ። አባባ ሮዝ ሲያይ ያመዋል፤ ግን ትንፍሽ አላለም። የሚኖርበት ሰው ይመርጣል፣ ሌላው አፉን ይዘጋል። የቤታችን ሕግ ይሄ ነበር፤ ሦስታችንም ከዚህ ሌላ ሕግ አናውቅም።

እኔን ግን ምረጪ ብሎኝ አያውቅም። የምመርጥበት ቤት የት አለኝና! አላገባሁም፣ ሱቅም አልከፈትኩም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ አባባ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ መስኮት የሌለው ጥግ ላይ ነበር የተተከለው። እናታችን ከሞተች በኋላ አባባን የያዝኩት እኔ ነኝ። እግሩ ሲከዳው ያነሳሁት፣ ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት፣ ሲነጫነጭብኝ መልሼ የተነጫነጭኩበት እኔ ነኝ። እነሱ ሲመቻቸው ብቅ ብለው «አይዞሽ እሳቷ» ይሉኛል፤ ቁጣዬን ስለሚያውቁ ነው እሳቷ የሚሉኝ። ከዚያ ጫማቸው ሳይሞቅ ይሄዳሉ።

አባባ መጨረሻ ላይ አንደበቱ ተያዘ። አልጋው አጠገብ ያለውን ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ ያደርግና ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔ ውሃ የፈለገ እየመሰለኝ ውሃ አመጣለታለሁ፤ ጎኑ የደከመው እየመሰለኝ አገላብጠዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ግድግዳውን ይመታል። ምን ሊለኝ እንደነበረ ሳልሰማ ሞተ። ሲሞት ዕድሜዬ ሄዷል፤ ሌላ የምገባበት ጣሪያ አልነበረኝም። ሰው ሁሉ «እንግዲህ ቤቱ ምን ይሆናል?» ሲለኝ፣ አንቺ የት ልትወድቂ ነው ማለቱ እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ስልክ የተደወለው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ወንድምጋሼ «ቤቱ ተጎሳቁሏል፤ ይቀባ። የሚያስፈልገውን እኔ እገዛለሁ። ቀለሙን አንቺ ምረጪ፤ ብቻ የሚበረክተውን ምረጪ» አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወንድሜን ስንት ዓመት ሙሉ በሆዴ ስረግመው የኖርኩትን ሁሉ በዚያች ደቂቃ ይቅር አልኩት። አባባ ሳይጨርሰው የሄደውን ቃል ልጁ ጨረሰልኝ ብዬ ነው።

ቤቱ ታዲያ ከአባባ ጋር አብሮ ታሞ የከረመ ነው የሚመስለው። የውጪው ግድግዳ በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ነው። ዝናብ ሲመታው ፀሐይ ሲጠብሰው ኖሮ፣ እጅህን ስታሳርፍበት ቀለሙ እንደ ዱቄት መዳፍህ ላይ ይቀራል። ከታች በኩል ደግሞ ከመሬት እርጥበት እየሳበ አብጦ ይፈነዳል። ኩሽናውንማ አታንሱብኝ። ዘይትና እንፋሎት ተጋግሮበት፣ ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ቢጫ ይሁን ቡኒ የሚለይ ሰው አልነበረም። በእርጥብ ጨርቅ ሳሸው ቆሻሻው ቁጭ ብሎ ቀለሙ ይለቃል።

ቀለም ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ የሚሸጥ ሰው ነው።

«የሚበረክት ስጠኝ» አልኩት።

«ሁሉም ይበረክታል እህቴ።»

«ሁሉም ከበረከተ አንተ በምን ትኖራለህ?» ስለው ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ ከፈተልኝ። «ለውጪውም ለውስጡም ይሄን ውሰጂ፤ የዘይት ቀለም ነው። ያብለጨልጫል፣ ጠብታ ውሃ አያሳልፍም፣ ጎረቤት በቅናት ይሞታል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሄዶ ነበር። ጎረቤቴ በቅናት ስትሞት ማየት እወድ ነበር። ግን የራሴ ቤት ነው ብያለሁና በችኮላ መግዛት አልፈለግኩም። ቀቢ ላማክር ብዬ ወጣሁ።

ቀቢውን ሰፈሩ በሙሉ ዶክተር ነው የሚለው፤ ግድግዳ በጣቱ ጫፍ እያንኳኳ ጆሮውን ጥዶ ስለሚያዳምጥ ነው። ጉረኛ ነው፣ ወሬኛ ነው፣ ቀጠሮ አያከብርም፤ እጁ ግን ንጹሕ ነው። መጥቶ የውጪውን ግድግዳ ዙሪያውን አንኳኳ፣ አሸተተ፣ በቢላ ጫረ፣ ጣሪያውን አንጋጦ አየ።

«ውስጡ ውሃ አለ» አለኝ። «ከላይ አሸንዳው ያፈሳል፣ ከታች መሬቱ ይሰጠዋል። ይሄን በዘይት ቀለም ከሸፈንሽው ላስቲክ እንዳለበስሽው ቁጠሪው። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶት ይመጣል፤ እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥርና ይፈነዳል። ለውጪ የሚያስፈልገው የሚተነፍስ ነው፤ የውሃ ቀለም፣ እሱም ለውጪ ተብሎ የተሠራው። ለክፍል ውስጥ የተሠራውን ውጪ ብትቀቢው ደግሞ አንድ ክረምት አይሻገርም።»

«ኩሽናውስ?»

«እዚያ ነው የዘይቱ ቦታ። ዘይት ይፈነጠቅበታል፣ እንፋሎት ይጠጣል፤ በሳሙና ትፈትጊዋለሽ፣ ምንም አይለው። ግን በጣም የሚያብለጨልጨውን ተይው፤ የግድግዳውን ጉድፍ ሁሉ ያሳብቅብሻል። መካከለኛውን ውሰጂ።»

«አንተ ቀቢ ነህ ሐኪም?»

«የኔ በሽተኛ አይጮህም፤ ልዩነታችን እሱ ብቻ ነው» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

እኔ ደግሞ በሰው ቃል ብቻ የማምን አይደለሁም። ከባለሱቁ ትንንሽ ናሙና አምጥቼ ከጓሮ በኩል ግድግዳው ላይ እንደ መሐረብ መሐረብ አድርጌ ቀባሁት። ጭቃ በጥብጬ በጆግ ወረወርኩበት፤ ሲደርቅ በመጥረጊያ ፈተግኩት። ኩሽናው ውስጥ ደግሞ ትኩስ ዘይት ረጨሁበት፣ ድስት ከድኜ አፈላሁና እንፋሎቱን ለቀቅኩበት፣ አድሮ በሳሙና አሸሁት። የቱ እንደሚለቅ፣ የቱ እንደሚጠቁር፣ የቱ ችሎ እንደሚቀር እየተመላለስኩ አያለሁ። ጎረቤቴ በአጥር በኩል አንገቷን አስግጋ ታየኛለች።

«አንቺ፣ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የታጨሽው?» አለችኝ።

«ምነው፣ ካንቺ ባል አይሻልም? ቢያንስ ቤት ያድራል!» አልኳት። ወይኔ ምላሴ! እሷ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ባሏን ታውቀዋለች።

ለውጪው ፈካ ያለ የአፈር መልክ መረጥኩ። ከታች፣ ዝናቡ ጭቃ የሚፈነጥቅበት ጋ ደግሞ የጥቁር ድንጋይ መልክ ያለው መቀነት እንዲዞረው ወሰንኩ። ኩሽናው ላይ ግን ብዙ ተጨነቅኩ። ከኩሽናው መስኮት ውጪ እናቴ የተከለችው የሎሚ ዛፍ አለ። አንድ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ቅጠሉ ላይ ፀሐይ አርፎበት አየሁና ቅጠሏን ቀንጥሼ እየሮጥኩ ለባለሱቁ ወሰድኩለት። «እንዲህ ያለ በጥብጥልኝ» አልኩት። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ተነሳ። ነጭ ላይ ጠብ እያደረገ፣ እያማሰለ፣ ቅጠሏን ጣቱ ላይ አስተኝቶ እያስተያየ ብዙ ደከመበት። ሲገጥም ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

ዶክተር ሥራውን ጀመረ ስል፣ መቀባቱን ሳይሆን መፋቁን ጀመረ። አሸንዳውን አስጠገነ። የተነፋውን ሁሉ በስፓቱላ ላጠ፣ የዱቄቱን በብሩሽ አረገፈ፣ ስንጥቁን ደፈነ፣ ግድግዳውን አጠበ። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። «እስኪደርቅ አልነካውም» አለ። ዝናብ አካፋ፣ እንደገና ይደርቅ ተባለ። ወንድምጋሼ ይደውላል።

«እስካሁን? ቀለም ለመቀባት ይሄ ሁሉ?»

«ግድግዳው አልደረቀም፤ የሚበረክተውን ብለህ የለ?»

«እሱማ ይበርክት፣ ዋናው እሱ ነው። ብቻ ቶሎ በሉ፣ ቀን እየሄደ ነው።»

ወደ ምን ነው ቀኑ የሚሄደው ብዬ አልጠየቅኩም። ጥሩ ወንድም ሆኖ ሳገኘው እንዲህ ያለ ጥያቄ አፌ ላይ አልመጣ አለ። ይልቅ ኩሽናውን እኔው ራሴ በሶዳና በሙቅ ውሃ ሳጥብ ሰነበትኩ፤ ዶክተር «ቅባቱ ካልወጣ የትኛውም ቀለም አይዝም» ስላለኝ ነው። የጣቶቼ ቆዳ ተገሸለጠ፤ መርፌ መያዝ አቃተኝ። የደንበኞቼን ልብስ አዘገየሁ፣ ተሰደብኩ፣ ግድ አልሰጠኝም። ለራሴ ነው ብዬ!

ደርቆ፣ መነሻ ቅቡ ተቀብቶ፣ ዋናው ሲገባ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ዶክተር ሩሎውን ከላይ ወደ ታች ሲያወርደው፣ ከኋላው እየተከተልኩ «እዚህ ጋ ሳሳ፣ እዚያ ጋ ተረሳ» እለዋለሁ። «ኧረ ልሥራበት እመቤት!» ይለኛል። እመቤት ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ በሕይወቴ እመቤት ያለኝ ሰው አልነበረም። ኩሽናው ሲያልቅ መስኮቱን ከፈትኩት። ሎሚዋ ከውጪ ናት ከውስጥ ናት አይታወቅም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና «አባባ፣ አየህልኝ?» አልኩ። ከዚያ የስፌት መኪናዬን ከጓዳው ጎትቼ አውጥቼ ሳሎን መስኮቱ ሥር አቆምኩት። የዓይኔ ብርሃን የደከመው በዚያ ጨለማ ጓዳ ነው፤ ከእንግዲህ ብርሃን እያየሁ እሰፋለሁ አልኩ።

አንድ እሑድ ጠዋት ወንድምጋሼ መጣ። ሚስቱም አብራ አለች፣ ልጁም አለች፣ የልጁ እጮኛም አለ። ተሰብስበው ሊመርቁኝ የመጡ መሰለኝ። ቤቱን ዞረው አዩ፣ «እሰይ፣ ድንቅ ነው፣ እሳቷ እጅሽ ይባረክ» አሉ። እኔም ከንፈሬ ጆሮዬ ደርሷል። የወንድሜ ሚስት ሳሎን ገብታ መኪናዬን አየችና «ይሄ ይነሳል አይደል? ሶፋው እኮ እዚህ ነው የሚገባው» አለች።

«የምን ሶፋ?» አልኩ።

ከኩሽናው የብረት ሜትር ሲጎተት ሰማሁና ሄድኩ። እጮኛው የሎሚ ቅጠሌን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር እየለካ ነው። «ፍሪጁ እዚህ ልክ ይገባል» አለ። ልጅቷ ደግሞ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችና፣ «አክስቴ፣ ሲያምር! ትንሽ ጨለም አለ እንጂ። ነጭ ቢሆን ኖሮ ኩሽናው አይሰፋም ነበር?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም። አክስቷ ለሙሽራ ቤት ስታሳምር የከረመች ነው የመሰላት።

ክው አልኩ። ወንድምጋሼን በእጅጌው ይዤ ሎሚዋ ሥር አወጣሁት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ምን ምንድነው? ልጅቷ ልታገባ ነው፤ የት ትግባ? እኔና እህትሽ ተነጋግረናል። አንቺ ከኛ ጋር ትሆኛለሽ። የልጅቷ ክፍል ይለቀቃል፣ እዚያ ትገቢያለሽ።»

«እኔ ያልነበርኩበት ንግግር ስለኔ ነው?»

«እንዳትጮሂ፣ ሰው አለ።»

«ወንድምጋሼ፣ ቀለሙን አንቺ ምረጪ አላልከኝም?»

«ብያለሁ። አሳምረሽም መርጠሻል።»

«አባባ ቀለሙን አንተ ምረጥ ሲልህ ምን ማለቱ ነበር? ንገረኝ። ያንን ቤት እስከዛሬ የምትኖርበት በምን ቃል ነው?»

ዓይኑን ሰበረ። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ አልዘነጋውም። ምን እንደሚመስለኝ እያወቀ ነው ያለኝ። እኔ ስታዘዝለት፣ ስፈትግለት፣ አፌን ዘግቼ ስደክምለት እንድከርም ያቺን ቃል ከአባባ አፍ አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እሱ የአባባ ነው» አለኝ። «እኔ አባባ ነኝ እንዴ?»

ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ጎረቤቴ ሙሉውን ሰምታለች፣ ከፈለጋችሁ እሷን ጠይቁ። ስለ አባባ ቃልም ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ኩሽናው መስኮት ላይ ልጅቷ ቆማ እንደነበር ያየሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል። ለእህቴም ደወልኩላት፤ «እትዬ፣ በእናትሽ፣ ለሰላም ስትይ ተይው» አለችኝ። ሰላም የሚመጣው ሁልጊዜ እኔ ስተወው ነው። እሷ ሮዝ ግድግዳዋ ውስጥ ተቀምጣ ነው እንዲህ የምትለኝ።

ሰው ሽማግሌ ሰብስቢ፣ ክሰሺ፣ አትውጪ ብሎኛል። እኔም ልክስ ብዬ ነበር። ግን አንዴ «እኔ አባባ ነኝ እንዴ?» ከተባልኩ በኋላ እዚያ ግድግዳ መሃል መተኛት አቃተኝ፤ ባየሁት ቁጥር ያዋረደኝ ይመስለኛል። ከወንድሜ ጋር ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር ከመግባት ሜዳ ላይ ማደር ይሻለኛል። ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

መኪናዬን ጋሪ ላይ ሳስጭን ልጅቷ መጣች። እንባዋ ይወርዳል። «አክስቴ፣ እኔ አላወቅኩም፤ እምልልሻለሁ» አለችኝ። አምኛታለሁ። «አባቴ ኩሽናውን ነጭ ቀቡት እያለ ነው። እኔ እንደዚሁ ይሁን ብል እናቴም አልሰማችኝም። ቀለሙን ምን ዓይነት እናድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው እሱ? ልጅ ነች፤ ሌላ የምትለኝ ጠፍቷት ነው።

ልዋሻት እችል ነበር። እሳቷ አይደለሁ? ግን ምን አድርጋኝ? «ዘይት ቀለም ላይ ነው የምትቀቡት» አልኳት። «መጀመሪያ ቅባቱን በሳሙና አስወግዱ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፤ ልሙጥነቱ ጠፍቶ ሻካራ እስኪሆን። መነሻ ቅብ አልብሱት። ከላዩም የሚገባው የዘይት ይሁን። እንዲሁ የውሃ ቀለም ብትደርቡበት አይዝም።»

ወንድምጋሼ ከኋላዋ ቆሞ ይሰማል። «አይ፣ አንቺ ደግሞ!» አለ። «አዲስ ቅብ ላይ ደግሞ ምን መፈግፈግ ያስፈልጋል? እላዩ ላይ መደረብ ነው። እስከ መጨረሻው ልታስቸግሪን ነው እንዴ?» ጋሪው ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላው ሄድኩ።

አሁን አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። መስኮት አላት፣ ትንሽ ናት እንጂ። የገባሁ ቀን አከራዬ፣ ደግ አሮጊት ናቸው፣ ግድግዳውን እያሳዩኝ፣ «አርጅቷል ልጄ። መቀባት ከፈለግሽ ችግር የለም፤ ቀለሙን አንቺው ምረጪ» አሉኝ። ሳቅ ያዘኝ። ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፣ ማቆም አቃተኝ፤ ሴትዮዋ ደንግጠው ውሃ ሊያመጡልኝ ሮጡ። እስካሁን አልቀባሁትም። ግድግዳው እንደነበረ ነው፤ ቀና ብዬም አላየውም።

በአባባ ቤት በኩል ማለፍ ትቻለሁ። ዶክተር ግን ባገኘኝ ቁጥር ይነግረኛል፤ ድሮም አፉን አይዘጋም። የውጪው ግድግዳ ክረምቱን አልፎ ፍንክች አላለም፣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል፣ ወንድምሽ «እንዲህ ነው ቤት ማሳደስ!» እያለ በሰው ፊት ይኩራራበታል አለኝ። «እኔን ኩሽናውን ድረብ ብሎኝ እምቢ ብዬዋለሁ፤ ሳልፈገፍግ አልነካም አልኩት። ሌላ ሰው አምጥቶ በአንድ ቀን አስቀባው» አለኝ። ያ ሌላው ሰው ምን እንደቀባበት አልጠየቅኩም።

ትናንት ልጅቷ ደወለች። የሙሽራ ቤት ድምፅ የላትም፤ የደከማት ሴት ድምፅ ነው።

«አክስቴ፣ ኩሽናው ተላጠ።»

«የቱ ጋ?»

«ከምድጃው በላይ ያለው እንዳለ እንደ ወረቀት ወረደ። ከበሩ ጎን ያለውን እኔ በጥፍሬ ሳነሳው ተከትሎኝ መጣ። ከሥሩ ያንቺ አረንጓዴ ወጣ። ምንም አልሆነም፤ ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ግን ወዲያው መረረኝ፤ ምክንያቱም ግድግዳውን ከዚህ ሆኜ እያየሁት ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሎሚዋም አለች፣ የሌለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«እናቴ ደግሞ እንደገና ነጭ ይደረብበት እያለች ነው» አለችኝ። «አረንጓዴው በምን ነው የሚለቀው?»

«አይለቅም» አልኳት። «ዕድሜ ልኬን እንዲያገለግለኝ ብዬ ነው የመረጥኩት።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ «ታዲያ ምን ልቀባው? አንቺ ንገሪኝ፤ ያልሽኝን አደርጋለሁ» አለች።

አባባ ግድግዳውን በመዳፉ ሲመታ ታየኝ። ወንድምጋሼ ሎሚዋ ሥር ዓይኑን ሲሰብር ታየኝ። ያንን ቤት በወጉ ለማንም የሰጠ ሰው እስካሁን የለም፤ ሰጪው ሳይናገር ሞተ፣ ወሳጁ ቃሉን ሰረቀ። ልጅቷ ግን ያን ቀን መስኮቱ ላይ ቆማ ሰምታለች፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«የምትኖሪበት አንቺ ነሽ» አልኳት። «ቀለሙን አንቺ ምረጪ።»

ስልኩ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም። ማክሰኞ የማስረክባትን ቀሚስ የምትጠብቅ ደንበኛ ነበረችኝና ስልኩን ዘግቼ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።